ሞተር ሳይክልን ቤት ውስጥ ማንሳት፦ የማንሻ አመራረጥና ማስተካከያ

ሁለቱንም ጎማ ልቀይር ብዬ ሞተር ሳይክሌን ከሥሩ በትንሽ ክሪክ አነሳሁት። ሁለቱም ጎማዎች ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አሉ። በእጄ ወዝወዝ ሳደርገው ንቅንቅ አላለም። የኋላውን አክስል ዳዶ ፈትቼ ጎማውን ሳወጣ ግን የፊቱ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። የፊት ጎማው መሬት ነካ፣ ክሪኩ ተንሸራተተ፣ 200 ኪሎ የሚሆን ብረት ሄዶ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። እግሬ ከሥሩ ስላልነበረ ተረፍኩ።

ክሪኩ እስከ 500 ኪሎ እንዲያነሳ የተሠራ ነበር፤ አቅም አልጎደለውም። ያጣላን ነገር 5 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ስሌቱን ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ እንደሚወድቅ በወረቀት ላይ አየው ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስሌት፣ ስለ ማንሻ ዓይነቶች፣ የተገዛውን ማንሻ ለራስ ሞተር ሳይክልና ለራስ ቦታ ስለማስማማት ነው። ወደ መጨረሻው ላይ ማንሻው ሲወርድ በአማርኛ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ መሣሪያም እንሠራለን።

መጀመሪያ መዝኑ

ማንሻ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጓችኋል፦ ጠቅላላ ክብደቱና የክብደት ማዕከሉ ያለበት ቦታ።

ክብደቱ በመመሪያው መጽሐፍ ላይ አለ። ነገር ግን አንዳንዱ ፋብሪካ የሚጽፈው ደረቅ ክብደቱን ነው፤ ይኸውም ያለ ቤንዚንና ያለ ዘይት ማለት ነው። 15 ሊትር ቤንዚን ብቻውን 11 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የዕቃ ሳጥንና የመከላከያ ብረት ካስገጠማችሁበት ደግሞ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ከእውነቱ ብዙ ይርቃል። ስለዚህ ራሳችሁ መዝኑት።

ለዚህ የሚያስፈልገው ተራ የሰው ሚዛን ነው። ሚዛኑን ከፊት ጎማ ሥር አድርጉ። ከኋላ ጎማ ሥር ደግሞ በውፍረት ከሚዛኑ ጋር እኩል የሆነ ጣውላ አስቀምጡ፤ አለዚያ ሞተር ሳይክሉ ስለሚያዘነብል ቁጥሩ ይዛባል። አንድ ሰው ሳይጫነውና ሳያነሳው ቀጥ አድርጎ ይያዘው። ቁጥሩን መዝግቡ፣ ከዚያ ሚዛኑንና ጣውላውን አቀያይሩ።

የእኔ ውጤት እንዲህ ነበር፦ ፊት 96 ኪሎ፣ ኋላ 104 ኪሎ፣ ድምሩ 200 ኪሎ። በሁለቱ አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 1410 ሚሊሜትር ነው። የክብደት ማዕከሉ ከኋላ አክስል ያለው ርቀት የሚገኘው ፊት ላይ ያረፈውን ክብደት በአክስሎቹ ርቀት አባዝቶ ለጠቅላላው ክብደት በማካፈል ነው፦

96 × 1410 ÷ 200 = 677 ሚሊሜትር

ክሪኩን ያስቀመጥኩት እዚያው ነጥብ ሥር ስለነበር ሳወዛውዘው ፀጥ ማለቱ አይገርምም። አሁን የኋላውን ጎማ እናውጣ። ከነጎማው፣ ከነፍሬን ዲስኩና ከነሰንሰለት ጥርሱ 15 ኪሎ ነው። የወጣው ክብደት በኋላ አክስል ላይ፣ ማለትም ዜሮ ነጥብ ላይ የነበረ ስለሆነ የቀረው 185 ኪሎ አዲስ ማዕከል ይኖረዋል፦

200 × 677 ÷ 185 = 732 ሚሊሜትር

ማዕከሉ 55 ሚሊሜትር ወደ ፊት ሄደ። የክሪኩ መቀመጫ ከፊት ወደ ኋላ 10 ሴንቲሜትር ነበር፤ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 50 ሚሊሜትር ማለት ነው። ማዕከሉ ጠርዙን በ5 ሚሊሜትር አለፈው፣ ሞተር ሳይክሉም በአፍንጫው ተደፋ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

በተቃራኒው የፊት ጎማውን፣ 14 ኪሎ የሚሆነውን፣ ባወጣ ኖሮ ማዕከሉ ወደ 622 ሚሊሜትር ይመለስ ነበር። ስለዚህ ለእኔ ሞተር ሳይክል የሚሆን ደጋፊ ቢያንስ ከ622 እስከ 732 ድረስ ያለውን ቦታ ከነትርፉ መያዝ አለበት። ኮድ የምትጽፉ አንባቢዎች ይህ የተለመደው ባለክብደት አማካይ መሆኑን አይታችኋል። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የእያንዳንዱን ክፍል ክብደትና ቦታ መዝግቡ፤ የሚፈታውን ክፍል ከዝርዝሩ ስታወጡት ማዕከሉ የት እንደሚሄድ ቁልፉን ከመያዛችሁ በፊት ታያላችሁ።

ማንሻዎቹ ምን ምን ናቸው?

አገር ቤት ሞተር ሳይክል በእንጨት ሣጥን ተደግፎ ሲጠገን ያየ ሰው ይህ ሁሉ ዕቃ ትርፍ ሊመስለው ይችላል። በሣጥኑ የሚሠራው ሰው ግን ሚዛኑን በእጁ የሚያውቅ፣ አጠገቡም ሁለት ረዳት የሚቆምለት ነው። ውጭ አገር ጋራዥ ውስጥ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ማንሻው ነው ረዳቱ።

*የመሐል ማቆሚያ።* ሞተር ሳይክላችሁ ይዞት ከመጣ ብዙውን ሥራ ይጨርሳል። ሰንሰለት ለማጽዳት፣ ዘይት ለመቀየር፣ የኋላ ጎማ ለማውጣት ሌላ ወጪ አያስፈልግም። ለአንዳንድ ሞዴሎች ለብቻው ይሸጣል፤ ማንሻ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

*ባለ ክንድ ማቆሚያ።* በውድድር ሜዳዎች የሚታየው ነው። የኋላው፣ የኋላውን ጎማ የያዘውን ክንድ ከግራና ከቀኝ ይዞ ያነሳል። የፊቱ ከፎርኩ ታች ወይም ከመሪው ግንድ ሥር ይገባል። ርካሽ ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ምንጊዜም የኋላው ቀድሞ ይነሳል፣ የፊቱ ይከተላል፤ ሲወርድ ግን የፊቱ ይቀድማል። ፎርኩን ራሱን ለማውጣት ከሆነ የፎርኩን ታች የሚይዘው ዓይነት አያገለግልም፤ የመሪውን ግንድ የሚይዘው ያስፈልጋል።

*ባለ መቀስ ክሪክ።* በጠመዝማዛ ብረት የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ሲሆን ከፍሬሙ ሥር ይገባል። ጠመዝማዛው በራሱ ወደ ኋላ ስለማይመለስ ዘይት አፍስሶ የመውረድ አደጋ የለበትም። ድክመቱ ጠባብነቱ ነው፤ እኔን የጣለኝም ይኸው ነው። በተጨማሪ ከሥሩ ጠፍጣፋ ፍሬም ይፈልጋል። ብዙ ሞተር ሳይክሎች ከሥራቸው ያላቸው የዘይት ኮፓና ማርሚታ ነው። ኮፓ ክብደት ለመሸከም አልተሠራም፤ ይሰነጠቃል።

*ባለ ሁለት ክንድ የሃይድሮሊክ ክሪክ።* መሬት ላይ በጎማ የሚንቀሳቀስ ሲሆን ሁለት ረጅም ብረቶች ከፍሬሙ ሥር ይገባሉ። ከባድና ዝቅ ላሉ፣ ከሥራቸውም ሁለት ትይዩ የፍሬም ቱቦ ላላቸው ሞተር ሳይክሎች ተስማሚ ነው። ክንዶቹ ከሚዛን ማዕከሉ ፊትና ኋላ ሰፋ ብለው ስለሚቀመጡ ከመቀስ ክሪኩ የበለጠ ይረጋጋል።

*የሃይድሮሊክ ጠረጴዛ።* ሞተር ሳይክሉ ተገፍቶ የሚወጣበት፣ 2 ሜትር ከፍ የሚል ርዝመት ያለው መድረክ ነው። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ 450 ኪሎ ያህል የመሸከም አቅም ያላቸው ሲሆን እስከ ወገብ ድረስ ያነሳሉ። ጎንበስ ብሎ መሥራት ያስመረረው ሰው የሚመኘው ይህንን ነው። ግን ራሱ ጠረጴዛው ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል አንዴ ካስገባችሁት ከቤት ማውጣቱ ሌላ ሥራ ነው።

ምርጫው እንግዲህ በሥራው ይወሰናል። ሰንሰለትና ጎማ ብቻ ከሆነ ባለ ክንድ ማቆሚያ ይበቃል። ፎርክ፣ የኋላ ክንድና ኢንጅን እስከ መፍታት ከሄዳችሁ ጠረጴዛው ዋጋውን ይመልሳል። በአፓርታማ የጋራ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ታጥፎ የሚገባውን ምረጡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ በበጋ ፀሐይ የጋለ አስፋልት ይለሰልሳል፣ ትንሽ እግር ያለው ማንሻ ይሰምጥበታል። ከሥሩ ሰፊ ፕላይውድ አድርጉ፤ ከተቻለ ግን ሊሾ ላይ ሥሩ።

አቅሙን በተመለከተ የእኔ ደንብ ቀላል ነው፦ የማንሻው አቅም ከሞተር ሳይክሉ እውነተኛ ክብደት እጥፍ ይሁን። በከባድ ቁልፍ ዳዶ ስትፈቱ ማንሻው ላይ የሚያርፈው የሞተር ሳይክሉ ክብደት ብቻ አይደለም፤ የእናንተም ጉልበት ይጨመርበታል።

እግር እንዴት ይህን ያህል ያነሳል?

የሃይድሮሊክ ሥራ መሠረቱ የፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ሕግ ነው፦ በተዘጋ ፈሳሽ ላይ የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። የፓምፑ ፒስተን ስፋቱ 12 ሚሊሜትር፣ የሚያነሳው ፒስተን ደግሞ 36 ሚሊሜትር ነው እንበል። ዲያሜትሩ 3 እጥፍ ሲሆን የክቡ ስፋት 9 እጥፍ ይሆናል። የእግር መርገጫው 10 ለ1 የሆነ ማንሻ ዘንግ ካለው በ30 ኪሎ ኃይል ስትረግጡ በሌላው ጫፍ 30 × 10 × 9 = 2700 ኪሎ ኃይል ይወጣል፤ በፍትጊያ የሚባክነው ሳይቆጠር። ዋጋው በርቀት ይከፈላል፦ የፓምፑ ፒስተን 20 ሚሊሜትር ሲገፋ ትልቁ የሚሄደው 2.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ደጋግመን የምንረግጠው ለዚህ ነው።

200 ኪሎ ለማንሳት 2700 ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። መልሱ በመቀሱ ማዕዘን ውስጥ አለ። መቀሱን ከታች በአግድም የሚገፋ ሲሊንደር ብናስብ፣ የሚያስፈልገው ኃይል ጭነቱ ለማዕዘኑ ታንጀንት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጭነቱ ከመድረኩ ጋር 260 ኪሎ ቢሆን፦

በ10 ዲግሪ፦ 260 ÷ 0.176 = 1477 ኪሎ ገደማ
በ30 ዲግሪ፦ 260 ÷ 0.577 = 451 ኪሎ ገደማ
በ45 ዲግሪ፦ 260 ÷ 1 = 260 ኪሎ

ጠረጴዛው መሬት ላይ ተኝቶ ሳለ መነሳቱ ከሁሉም ይከብዳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ይቀላል። ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ አግድም ሳይሆን አዘንብሎ የሚገጠመውም ይህን የመነሻ ጭንቀት ለመቀነስ ነው። ከዚህ አንድ ተግባራዊ ትምህርት እንወስዳለን፦ ማንሻችሁ መጀመሪያ ላይ እያቃሰተ ከተነሳ ጎሚኒውን፣ ዘይቱንና ብየዳውን የሚፈትነው ያ ቅጽበት ነው። በዚያን ጊዜ የሚንቋቋ ድምፅ ከሰማችሁ አውርዱትና መርምሩ።

ሁለተኛው ትምህርት ከሁሉም ይበልጣል፦ ዘይት ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አይታመንም። ትንሽ ቆሻሻ ቫልቩ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ጎሚኒው ካረጀ ጠረጴዛው ሳታዩት ይወርዳል። ሞተር ሳይክሉን የሚይዘው የብረት መቆለፊያው ነው። መቆለፊያው ሳይገባ እጅ ከሥሩ አይገባም።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ጠረጴዛውን እነዚህን አድርጋችሁ ተመልከቱት፦

ብየዳው ቀጥ ያለና ቀዳዳ የሌለው ይሁን። መቀሱ የሚዞርባቸውን ፒኖች ያዙና ወደ ጎን ነቅንቁ፤ ብዙ ከተጫወተ ከፍ ሲል መድረኩ ይወዛወዛል። ጭነት አድርጋችሁ አንሱትና መቆለፊያውን ሳታስገቡ፣ ማንም ሳይጠጋው፣ እግሩ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምልክቱ ከወረደ ጎሚኒው ወይም ቫልቩ ያፈስሳል። ማውረጃውን በጥቂቱ ስትከፍቱ በዝግታ መውረድ አለበት፤ ዘጭ የሚል ከሆነ አትግዙት።

መርገጫው የሚላላ፣ ሲነሳም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል ማለት ነው። ባዶውን፣ ማውረጃው ክፍት እንደሆነ መርገጫውን አሥር አሥራ አምስት ጊዜ መርገጥ አየሩን ብዙ ጊዜ ያስወጣል። ዘይት ሲጎድል የሚጨመረው የሃይድሮሊክ ክሪክ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት በፍጹም አትጨምሩ፤ ለክሪክ ዘይት የተሠራውን ጎሚኒ አሳብጦ ያበላሸዋል።

ለራሳችን ማስማማት

የፋብሪካ ጠረጴዛ ለሁሉም ሞተር ሳይክል እንዲሆን ተብሎ ስለሚሠራ ለማንም በልኩ አይሆንም። እነዚህ አራት ማስተካከያዎች ልዩነት ያመጣሉ።

*1. መወጣጫውን ማስረዘም።* ጠረጴዛው ሲተኛ 18 ሴንቲሜትር ከፍታ አለው፣ መወጣጫው ደግሞ 60 ሴንቲሜትር ነው እንበል። ዳገቱ 17 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሆናል። 200 ኪሎ ለመግፋት 60 ኪሎ ያህል ኃይል ይፈልጋል፤ የሞተር ሳይክሉም ሆድ ጠርዙን ሊመታ ይችላል። መወጣጫውን ወደ 120 ሴንቲሜትር ብታስረዝሙት ዳገቱ ከ9 ዲግሪ በታች ይሆናል፣ የሚያስፈልገውም ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ሁለት ቱቦላሬና ላያቸው ላይ የተመታ ወፍራም ፕላይውድ ይበቃል። ጎማ እንዳይንሸራተት አሸዋ የተቀላቀለበት ቀለም ቀቡት። መወጣጫው ሲገፋ ወደ ኋላ እንዳይሸሽ ጠረጴዛው ላይ በፒን ይያዝ።

*2. የእግር መርገጫ ጎን።* ጠረጴዛው ጠባብ ነው። ሞተር ሳይክሉን ከግራ እየገፋችሁ ስትወጡ እናንተ የት ትረግጣላችሁ? ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። በግራ በኩል በጠረጴዛው ቁመት ልክ የተሠራ 40 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የእንጨት ደረጃ አስቀምጡ። ከጠረጴዛው ጋር አይታሰር፤ ሞተር ሳይክሉ ታስሮ ካለቀ በኋላ ተነስቶ ይወሰዳል።

*3. የፊት ጎማ መያዣና ማሰሪያ።* ጠረጴዛው ይዞት የሚመጣው የፊት ጎማ መያዣ ቀጥ አድርጎ ለማቆም እንጂ ብቻውን ለመያዝ አይበቃም። ጎማችሁ ቀጭን ከሆነ በሁለቱም ጎን እኩል ውፍረት ያለው ጣውላ በመጨመር አጥብቡት። ከዚያ ማሰሪያ ቀበቶ ከፎርኩ መያዣ ታችኛው ክፍል፣ በግራና በቀኝ፣ ወደ ፊትና ወደ ታች ሳቡ። ማሰሪያው ከመሪው ጫፍ ወይም ከፕላስቲክ ላይ አይታሰር፤ የፍሬን ቱቦም አይጫን።

ማዕዘኑን ልብ በሉ። ማሰሪያው 45 ዲግሪ ሲሆን በ100 ኪሎ ኃይል ከሳባችሁት 71 ኪሎው ወደ ታች ይጫናል፣ 71 ኪሎው ወደ ጎን ይስባል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የወረደ ማሰሪያ ወደ ጎን የመያዝ ኃይሉ ኢምንት ነው። ስለዚህ መንጠቆዎቹ በተቻለ መጠን ተራርቀው ይግጠሙ። የሚገጠሙትም በቀጭኑ ላሜራ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ባለው ወፍራም ብረት ላይ፣ ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ነው። ግራና ቀኙን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ።

የፊት ጎማ ወይም ፎርክ በምታወጡ ጊዜ ግን ይህ ማሰሪያ የሚስበው ነገር ይጠፋል። ስለዚህ ቀድማችሁ የኋላውን ክፍል ወደ ጠረጴዛው እሰሩት፣ ከፍሬሙ ሥርም ድጋፍ አስገቡ።

*4. ሁለተኛ ክሪክ በጠረጴዛው ላይ።* ጎማ ለማውጣት ጠረጴዛው ላይ እንዳለ እንደገና ማንሳት ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ትንሹ የመቀስ ክሪክ ይመለሳል፤ ግን ብቻውን አይደለም። ላዩ ላይ 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ቱቦላሬ በቡሎን ግጠሙበት፤ ብረቱን በጎማ ንጣፍ ሸፍኑት። ከ622 እስከ 732 የነበረው ክልላችን 11 ሴንቲሜትር ነው፤ 30 ሴንቲሜትሩ ከሁለቱም በኩል ከ9 ሴንቲሜትር በላይ ትርፍ ይሰጣል። የእናንተን ቁጥር ከላይ ባለው ስሌት አውጡ።

የማይነካም አለ። የመቀሱን እግሮች፣ ሲሊንደሩንና የሚይዙትን ፒኖች አትብሱ፣ አትበይዱባቸው። ሁሉም ጭነት የሚያልፈው በእነሱ ነው። በዚንክ የተለበጠ ብረት ላይ ብየዳ የሚወጣው ጭስ ደግሞ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ያሳምማል፤ የግድ ካልሆነ በቡሎን ግጠሙ።

የሚናገር ጠረጴዛ

አሁን ወደ ኤሌክትሮኒክስ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ከጠረጴዛው ሥር ርቀት የሚለካ ሴንሰር ይቀመጣል። እኛ ሳናወርደው ከፍታው ከቀነሰ ይጮኻል፣ በትንሽ ስክሪንም በአማርኛ ይናገራል።

የሚያስፈልገው አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ፣ በብርሃን ርቀት የሚለካ ቪኤል53ኤል0ኤክስ ሴንሰር፣ 128 በ64 ፒክሰል የሆነ የኦሌድ ስክሪን፣ ጮኺ፣ አንድ ቁልፍና የስልክ ባትሪ መሙያ ነው። ሴንሰሩ በመሠረቱ ላይ ተገጥሞ ወደ ላይ የመድረኩን ሆድ ያያል።

የፕሮግራሙ አካሄድ እንዲህ ነው። ጠረጴዛውን አንስታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ቦርዱ 20 ንባቦች ወስዶ አማካዩን እንደ መነሻ ይመዘግባል። ከዚያ በየሰከንዱ እንደገና 20 ንባብ ወስዶ ከመነሻው ጋር ያስተያያል። የአንድ ንባብ ስሕተት ጥቂት ሚሊሜትር ስለሚሆን በአንድ ንባብ ብቻ አትፍረዱ። አማካዩ በተከታታይ ለሦስት ሰከንድ ከመነሻው ከ10 ሚሊሜትር በላይ ዝቅ ካለ ማስጠንቀቂያው ይጀምራል። ልታወርዱት ስትፈልጉ ቁልፉን ረዘም አድርጋችሁ ትጫናላችሁ፤ ማስጠንቀቂያው ይጠፋል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ለእንዲህ ያለ ስክሪን ሙሉ የግዕዝ ፊደል ገበታ መጫን አያስፈልግም። የሚያስፈልጉን ሁለት ሐረጎች ብቻ ናቸው፦ "ቆሟል" እና "እየወረደ ነው"። ኮምፒውተር ላይ በምትወዱት የአማርኛ ፎንት ጽፋችሁ 128 በ16 ፒክሰል የሆነ ጥቁርና ነጭ ሥዕል አድርጋችሁ አስቀምጡ። 128 × 16 = 2048 ቢት፣ ማለትም 256 ባይት ነው። ለአንድ ሐረግ ይህን ያህል ቦታ ለማንኛውም ቦርድ ምንም አይደለም።

ቁመቱን ከ16 ፒክሰል አታሳንሱት። በ8 ፒክሰል የላቲን ፊደል ይነበብ ይሆናል፤ የእኛ ግን ቅጥያው ይጠፋል። "ቡ" ቅጥያዋ መሐል ላይ፣ "ቢ" ደግሞ እግሯ ላይ ነው። በ8 ፒክሰል ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ሥዕሉን ካወጣችሁ በኋላ አጉልታችሁ ፒክሰል በፒክሰል በእጅ አስተካክሉት፤ ደቂቃዎች የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ከሁለት ሜትር ርቀት የሚነበብና የማይነበብ ጽሑፍ የሚለየው እሱ ነው።

ደግሜ ልበል፦ ይህ መሣሪያ መቆለፊያውን አይተካም። ባትሪ ያልቃል፣ ሽቦ ይነቀላል፣ ኮድ ስሕተት አለው። የሚጠቅመው መቆለፊያው ከመግባቱ በፊትና ሊወጣ ሲል ላለው ጊዜ፣ እንዲሁም ጎሚኒው ማርጀት መጀመሩን ቀድሞ ለማወቅ ነው። ንባቡን በየጊዜው ካስቀመጣችሁት በወር ውስጥ ስንት ሚሊሜትር መፍሰስ እንደጨመረ ታያላችሁ።

የሥራው ቅደም ተከተል

ይህን ዝርዝር አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

1. ወለሉን በውሃ ልክ ለኩ። ዘንበል ካለ ጠረጴዛውን በስስ ላሜራ አስተካክሉ።
2. የጠረጴዛውን ጎማዎች ቆልፉ።
3. ሞተር ሳይክሉን ኢንጅኑ ጠፍቶ፣ አንድ ረዳት ከኋላ ሆኖ ግፉ። ፍሬን የሚይዘው በመሪው በኩል ያለው ሰው ነው።
4. የፊት ጎማውን በመያዣው አስገቡ፤ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የጎን ማቆሚያውን ሰብስቡ።
5. 20 ሴንቲሜትር አንሱና ቁሙ። ከጎን ነቅንቁት፤ ማሰሪያዎቹን እንደገና አዩ።
6. ወደምትፈልጉት ከፍታ አንሱ፣ መቆለፊያውን አስገቡ፣ ጠረጴዛው መቆለፊያው ላይ እስኪያርፍ በጥቂቱ አውርዱት።
7. በጉልበት የሚፈቱትን ትላልቅ ዳዶዎች ከማንሳታችሁ በፊት፣ ሞተር ሳይክሉ መሬት ላይ ሳለ አላሉ።
8. ከባድ ክፍል ከማውጣታችሁ በፊት ሠንጠረዡን ክፈቱና ማዕከሉ የት እንደሚሄድ ተመልከቱ።
9. ስታወርዱ ልጆችና መሣሪያዎች ከሥሩ አለመኖራቸውን አረጋግጡ። መጀመሪያ በጥቂቱ አንሱ፣ መቆለፊያውን አውጡ፣ ከዚያ በዝግታ አውርዱ።

ከሁሉም ውስጥ ሰባተኛውና ስምንተኛው ተራ ቁጥር ብዙ ሰው የሚዘላቸው ናቸው። እኔም ዘልያቸው ነበር። ግድግዳው ላይ የቀረው የመሪው ጭረት አሁንም አለ፤ ቀለም አልቀባሁትም። ክሪኩን በያዝኩ ቁጥር አየዋለሁ፣ ከዚያም ሚዛኑን ፍለጋ እሄዳለሁ።